ውድ ጎማ ወይስ ርካሽ? ከዓባይ በረሃ በፊት የሚመለስ ጥያቄ

ለበዓል ወደ አገር ቤት ለመሄድ ሲነሡ ምን ምን ያዘጋጃሉ? ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለልጆቹ ብስኩትና ልብስ ይገዛል። መኪናው ዘይት ይቀየርለታል፣ ይታጠባል፣ ነዳጅ ይሞላል። ጎማውን ግን ብዙዎቻችን በእግራችን ረገጥ አድርገን «ይበቃዋል» ብለን እናልፈዋለን። የሚታወሰን ጎሚስታው ራሱን ነቅንቆ «ይሄ እንኳ አብቅቶለታል» ሲለን ነው። ያኔ ታዲያ ጥያቄው ይመጣል፤ «ኦሪጅናሉን ልግዛ ወይስ የቻይናውን?»

ጥያቄው እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ንሯል፤ ጎማም ከዚህ አላመለጠም። አራቱን በአንድ ጊዜ መቀየር ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ጋር የሚሻማ ወጪ ሆኗል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ እስከ ደምበጫ ያለውን መንገድ መለኪያ አድርገን፣ ገንዘብዎ የት ላይ ቢውል ቤተሰብዎን እንደሚጠቅም እንይ።

መንገዱ ጎማን የሚፈትነው በምንድን ነው?

ደምበጫ ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እንጦጦን አልፈው፣ ሱሉልታን፣ ፍቼንና ገርበ ጉራቻን ተሻግረው ጎሃ ጽዮን ሲደርሱ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደው ድልድዩን ይሻገሩና ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ሽቅብ ይወጣሉ። ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ። ጉዞው ከቀጠለም ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ይከተላሉ።

በዚህ ሁሉ መንገድ መኪናዎን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም አይሰፉም። ፍሬን የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ሾፌሩም የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ መኪናው የሚቆመው እነዚህ አራት መዳፎች መሬቱን መያዝ የቻሉትን ያህል ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ሙቀት ነው። ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ የፍሬኑ ግለት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይዘልቃል። ከታች ደግሞ የቆላው አስፋልት ይጠብቀዋል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ እየተጣጠፈ ስለሚሽከረከር ከውስጥ ይግላል፤ የሚፈነዳውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ሁለተኛው ፈተና ውሃ ነው። የክረምት ዝናብ በጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ ሲወርድ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃውን ገፍቶ ማስወጣት ያቅተውና ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ሦስተኛው ድንጋይ ነው። ዘመድ ጥየቃ ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት አቅጣጫ ወይም ወደ ገጠር ቀበሌዎች ከወጡ፣ ኮረቱ የጎማውን ጎን ይቆርጣል፤ ዋልካ ጭቃውም ጥርሱን ይደፍናል።

መንገድ ዳር መቆም በማይመረጥበት በዚህ ጊዜ ደግሞ፣ ሰው በሌለበት ቦታ ጎማ መቀየር ከጎማው ዋጋ በላይ የሚያስጨንቅ መሆኑን ማንም አይስተውም።

ውዱ ጎማ ምን ይጨምርልዎታል?

ሚሽሊን፣ ብሪጅስቶን፣ ኮንቲኔንታል፣ ፒሬሊና ጉድይርን የመሳሰሉት ስሞች የሚወደዱት ለማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ዋናው ልዩነት የላስቲኩ ቅመም ነው። አስፋልት ሲረጥብ መሬቱን የሚይዝ፣ ግን ቶሎ የማያልቅ ላስቲክ መቀመም ከባድ ሥራ ነው። አንዱን ሲያሻሽሉ ሌላው ይበላሻል። ሁለቱንም አስታርቆ ለመያዝ ረጅም ምርምር ያስፈልጋል፤ የሚከፍሉትም ለዚህ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ያለው የመያዝ አቅም በደረጃ ተጽፎ እንዲለጠፍበት ያደርጋል። በዚህ መለኪያ መሠረት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ፣ በምርጡና በዝቅተኛው ደረጃ መካከል ያለው የማቆሚያ ርቀት ልዩነት እስከ 18 ሜትር ይደርሳል። ይህ አራት ኮሮላዎች ተከታትለው ቢቆሙ የሚይዙት ርዝመት ነው። ከፊትዎ ከብት ሲሻገር ወይም አይሱዙ ተበላሽቶ ቆሞ ሲያገኙ፣ 18 ሜትር ማለት በደህና መቆምና መጋጨት ማለት ነው።

ነገር ግን ውድ ሁሉ ለሁሉ መንገድ አይሆንም። አንዳንዱ ውድ ጎማ ነዳጅ እንዲቆጥብና ድምፅ እንዲቀንስ ተብሎ ጎኑ ስስ ሆኖ ይሠራል። ለቀለበት መንገድ ተስማሚ የሆነው ይህ ጎማ በኮረት መንገድ ላይ ከርካሹ ቀድሞ ሊቆረጥ ይችላል። ገጠር የሚያዘወትሩ ከሆነ ሻጩን ስለ ስሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ጎኑ ጥንካሬም ይጠይቁት።

ስሙን ብቻ ሳይሆን ጎኑን ያንብቡ

ሶማሌ ተራም ይግዙ ቦሌ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ጎማውን አዙረው ጎኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ሦስት ነገር ይፈልጉ።

አንደኛ፣ ዕድሜውን። «ዲኦቲ» ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት በኋላ ከሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። እዚህ ላይ ለእኛ አገር ገዢ የተለየ ወጥመድ አለ። «4017» የሚል ቁጥር አይተው ሻጩ «የ17 ነው» ቢልዎት፣ ያ 2017 የፈረንጆቹ ነው። ጎማው የተሠራው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2010 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። ላስቲክ ሳይሠራበት መጋዘን ውስጥም ያረጃል። ሚሽሊንና ኮንቲኔንታል ራሳቸው ጎማ ቢበዛ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይቆይ ይመክራሉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ቢያንስ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ ሚሽሊን ያሳስባል። ስለዚህ የስምንት ዓመት ዕድሜ ካለው «ኦሪጅናል» ይልቅ በቅርቡ የተሠራ መካከለኛ ጎማ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የሚሸከመውን ክብደት። በብዙ ኮሮላ ላይ የሚገኘው ጎማ «195/65 አር15 91» ይላል። የመጨረሻው ቁጥር፣ ማለትም 91፣ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ቁጥሩ 88 ከሆነ አቅሙ ወደ 560 ኪሎ ይወርዳል። በአራቱ ጎማ 220 ኪሎ አጡ ማለት ነው። አምስት ሰው ተሳፍሮ ከደምበጫ ሲመለስ ከኋላ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ የቡሬ በርበሬ፣ ቅቤና ማር ሲጫንበት ይህ ልዩነት ተራ ቁጥር አይሆንም። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ከተሰጠው ቁጥር ያነሰ ጎማ በምንም ዋጋ ቢሰጥዎት አይግዙ። ቤተሰቡ ተሰባስቦ የሚሄደው በሚኒባስ ከሆነ ደግሞ ከቸርኬው ልክ ቀጥሎ «ሲ» የሚለው የላቲን ፊደል መኖሩን ያረጋግጡ። ለጭነት የተጠናከረ ጎማ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የሙቀት ደረጃውን። ብዙ የቤት መኪና ጎማዎች በእንግሊዝኛ ስለ ማለቅ፣ ስለ መያዝና ስለ ሙቀት የተጻፈ ደረጃ አላቸው። በሙቀት «ኤ» ከፍተኛው፣ «ሲ» ዝቅተኛው ነው። የዓባይን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው «ኤ» መምረጥ ብልህነት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ይህ ይመለከታችኋል። ባትሪው መኪናውን ያከብደዋል፤ ሞተሩም ከቆመበት በኃይል ስለሚነሣ ጎማ ቶሎ ይበላል። መኪናችሁ በተጠናከረ ጎማ ከመጣ፣ ጎኑ ላይ «ኤክስኤል» የሚለውን ምልክት ሳታዩ ሌላ አትቀይሩ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

ለምሳሌ ያህል ርካሹ ጎማ 10,000 ብር፣ ውዱ 16,000 ብር ነው እንበል። ርካሹ 30,000፣ ውዱ 55,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ አራቱ ርካሾች በአንድ ኪሎ ሜትር 1 ብር ከ33 ሳንቲም ያስወጣሉ። ውዶቹ 1 ብር ከ16 ሳንቲም ገደማ። በመኪናው ሥራ የሚሠራ፣ በዓመት ብዙ የሚነዳ ሰው ውዱን ቢገዛ ያተርፋል።

የብዙ ቤተሰብ መኪና ግን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ትምህርት ቤት ነው የሚመላለሰው። በዓመት 8,000 ኪሎ ሜትር የሚነዱ ከሆነ ውዱን ጎማ ለመጨረስ ወደ ሰባት ዓመት ይፈጅብዎታል። ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ማርጀት ይጀምራል። ስለዚህ ለእርስዎ «ረጅም ጊዜ ያገለግላል» የሚለው የሻጭ ቃል ያን ያህል አይጠቅምዎትም። ውድ ጎማ ለመግዛት በቂ ምክንያት የሚሆንዎት በዝናብ ጊዜ መሬት መያዙ ነው።

ይህን ሲረዱ ምርጫው «ኦሪጅናል ወይስ ቻይና» ከሚለው ይወጣል። አገር ብቻውን ጥራትን አይነግርም፤ ሚሽሊንና ብሪጅስቶን ራሳቸው ቻይና ውስጥ ፋብሪካ አላቸው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጧቸው ስሞችም አሏቸው። ፋየርስቶን የብሪጅስቶን፣ ባረምና ማታዶር የኮንቲኔንታል፣ ክሌበር የሚሽሊን ናቸው። እንደ ሃንኩክና አፖሎ ያሉ የኮሪያና የሕንድ ጎማዎችም በዚሁ መካከል ይገኛሉ። እኛም ብንሆን በ1960ዎቹ ከተቋቋመው፣ ዛሬ ሆራይዘን አዲስ ጎማ ከሚባለው የአገራችን ፋብሪካ የሚወጣ ጎማ አለን። ለአብዛኛው ቤተሰብ ትክክለኛው መልስ ያለው እዚህ መካከል ላይ ነው። ስም ያለው፣ የክብደት ቁጥሩ የተሟላ፣ የሙቀት ደረጃው «ኤ» የሆነና ከተሠራ ሁለት ዓመት ያላለፈው ጎማ ይፈልጉ።

አቅም ሲያንስ

አራቱን መግዛት ካልቻሉ ሁለት ጥሩ ጎማ መግዛት አራት የማያስተማምን ከመግዛት ይሻላል። አዲሶቹን ደግሞ ከኋላ ያስገቡ። ብዙ ሰው ከፊት ይመስለዋል፤ ነገር ግን በእርጥብ መንገድ ኋላው ከከዳ መኪናው ዞሮ ከሾፌሩ ቁጥጥር ይወጣል። የጎማ ሠሪዎችም ምክር ይኸው ነው። በአንድ አክስል ላይ ግን ሁለት ዓይነት ጎማ አይቀላቅሉ።

ያገለገለ ጎማ በርካሽ አገኘሁ ብለው አይደሰቱ። ከውስጥ ሽቦው የተጎዳ ጎማ ከውጭ አይታወቅም፤ ምን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እንደወጣም የሚነግርዎ የለም።

ያለዎትን ጎማ መንከባከብ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። ነፋሱን በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ለሙሉ ጭነት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ለብቻው ተጽፏል። ትርፉን ጎማም አብረው ያስለኩ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። የጥርሱን ጥልቀት በልጅዎ ማስመሪያ ይለኩ። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። የአውሮፓ ሕግ 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ያግዳል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ለመቀየር ያስቡ። ዓባይን ሲወርዱም በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬኑንም ጎማውንም ያሳርፋል።

ያለቀው ጎማዎ ደግሞ አይባክንም። ምናለሽ ተራ ደርሶ በረባሶ ይሆንና ለሌላ ሰው እግር ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ለእግር ጠንካራ የሆነ ላስቲክ ግን በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ልጆችዎን የያዘ መኪና ለማቆም ይበቃል ማለት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ለበዓሉ ከመነሣትዎ ሁለት ሳምንት ቀድመው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማስመሪያውን ይዘው ወደ መኪናው ይውጡ። አምስቱንም ጎማ፣ ትርፉን ጨምረው፣ አንድ በአንድ ይዩ። መቀየር ያለበት ካለ አማርጠው ለመግዛት ጊዜ ይኖርዎታል።

መልካም ጉዞ!