የቅየሳ ኮምፓስ በባዛልት ምድር

የቅየሳ ኮምፓስ መርፌ በምድር መግነጢሳዊ ኃይል ወደ ሰሜን ስለሚያመለክት፣ የወሰንን አቅጣጫ በዲግሪ ለመለካት ያገለግላል። ሆኖም ከጎንደር በስተሰሜን ትክል ድንጋይ በምትገኝበት ደጋ፣ አለቱ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው። በውስጡ ያለው ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን መርፌውን ሊስበው ይችላል። የ1 ዲግሪ ስሕተት በ100 ሜትር ርቀት ወሰኑን 1.75 ሜትር ያህል ያዛውራል፤ ይህም ጠባብ ማሳ ላለው ገበሬ ቀላል ጉዳት አይደለም። ስለዚህ ቀያሹ አንዱን መስመር ከሁለቱም ጫፎች መለካት ይገባዋል። የሁለቱ ንባቦች ልዩነት 180 ዲግሪ ካልሆነና አነባበቡም ትክክል ከሆነ፣ ቢያንስ በአንደኛው ጫፍ መርፌው ተስቧል ማለት ነው። መምህራን ይህንኑ በትምህርት ቤት ግቢ ቢያሠሩ፣ ተማሪው በመሣሪያ መጠቀምን ብቻ ሳይሆን መሣሪያን መመርመርንም ይማራል።