የደዋዩ ቁጥር በመሥሪያ ቤት ስልክ ላይ በትክክል እንዲታይ

የንግድ ሥራ የሚጸናው በመተማመን ነው፤ መተማመንም የሚጀምረው ከወዲያ ማዶ የሚናገረው ሰው ማን እንደ ሆነ ከማወቅ ነው። የገለምሶን ቡና ወይም የሚኤሶን ከብት የሚፈልግ ደንበኛ ደውሎ ስልኩ ሳይነሣለት ቢቀር፣ ቁጥሩ በማሳያው ላይ ከተመዘገበ መልሶ መጥራት ይቻላል። «ያልታወቀ ቁጥር» ተብሎ የተመዘገበ እንደ ሆነ ግን ደንበኛው ወደ ሌላ ነጋዴ ደጃፍ መሄዱ አይቀርም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርና አዲስ አበባ በስልክ ሽቦ ስለ ተገናኙ የሐረርጌ ሰው ለስልክ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ግን ከአሰቦት እስከ ጭሮ ያለ ነጋዴ የመዳብ ሽቦውን ትቶ የቢሮውን ማዞሪያ ከኢንተርኔት መስመር ጋር ለማገናኘት ሲያስብ፣ የደዋዩ ቁጥር የሚጠፋባቸውንና የሚለወጥባቸውን ምክንያቶች አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

አንደኛ፤ ማዞሪያው የቀድሞው ዐይነት ከሆነ ከኢንተርኔቱ ጋር የሚገናኘው ጌትዌይ በሚባል መሣሪያ ነው። ጌትዌዩ የደዋዩን ቁጥር ኤፍኤስኬ ወይም ዲቲኤምኤፍ በሚባል ዘዴ ይልካል። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛውና በሁለተኛው ደወል መካከል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ደወል በፊት የሚተላለፍ ነው። ስለዚህ ጌትዌዩና ማዞሪያው በአንድ ዘዴ ካልተስማሙ ቁጥሩ አይታይም። ማዞሪያው በመጀመሪያው ደወል ጥሪውን የሚቀበል ከሆነም ቁጥሩ ሳይደርስ ይቀራል፤ መድኀኒቱ ከሁለተኛው ደወል በኋላ እንዲቀበል ማዘዝ ነው።

ሁለተኛ፤ አዲሱ ማዞሪያ ሲፕ በሚባለው ሥርዐት የሚሠራ ሲሆን ቁጥሩ የሚመጣው ከጥሪው ጋር በሚላክ መልእክት ውስጥ ነው። ይኸውም «ፍሮም» ወይም «ፒ አሰርትድ አይደንቲቲ» በተባለው መስክ ሊጻፍ ይችላል። የመስመሩ ሰጪ በአንደኛው ሲጽፍ ማዞሪያው ሌላውን የሚያነብ ከሆነ፣ በደዋዩ ፈንታ የራሱ የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ወይም ባዶ ማሳያ ይታያል።

ሦስተኛ፤ የቁጥሩ አጻጻፍ ነው። የምሥራቁ ክፍል መለያ 025 ሲሆን ከውጭ አገር ሲደወል 251 25 ይሆናል። ጥሪው በ251 ጀምሮ ሲመጣ በማውጫችን የተመዘገበው በዜሮ የሚጀምር ከሆነ የደንበኛው ስም አይወጣም። ወደ ውጭ ለመደወል 9 መጫን በሚያስፈልግበት ቢሮም ካመለጡ ጥሪዎች መዝገብ በቀጥታ መልሶ መደወል አይሠራም። ቴክኒሻኑ 251ን በዜሮ የሚተካና በመልሱ ጥሪ ላይ 9 የሚጨምር ደንብ ያስገባ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ስለሚሰጥ፣ 09ን ብቻ የሚያውቅ የቆየ ደንብም መታረም አለበት።

አራተኛ፤ እኛ ስንደውል የሚታየው ቁጥር ነው። ማዞሪያው 101ን የመሰለ የውስጥ መስመር ቁጥር ቢልክ፣ መስመር ሰጪው ጥሪውን አይቀበልም ወይም በዋናው ቁጥር ይተካዋል። ስለሆነም የተፈቀደው ሙሉ ቁጥር፣ ማለትም 251 እና የሚከተሉት 9 አኀዞች፣ እንዲላክ ያስፈልጋል።

ጉድለቱ የት እንዳለ ለመለየት ከተንቀሳቃሽ ስልክ ደውሎ ማየት ነው። ከዚያም ማዞሪያውን ነቅሎ ቁጥር የሚያሳይ ተራ ስልክ ከጌትዌዩ ጋር ማገናኘት ነው። ቁጥሩ አሁን ከታየ ጥፋቱ የማዞሪያው ነው፤ ካልታየ የጌትዌዩ ወይም የመስመሩ ስለሆነ፣ የጥሪውን ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ጽፎ ለመስመር ሰጪው ማመልከት ይገባል። ሰዓቱ ያልተጻፈ አቤቱታ ተመርምሮ አይገኝም።

ከሁሉ ይልቅ ላኪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከውጭ አገር የደወለ ደንበኛ በአገር ውስጥ ተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥር ሲታይ፣ ጥፋቱ የማዞሪያችን ላይሆን ይችላል። ሲም ቦክስ በሚባል መሣሪያ አንዳንድ ሰዎች ዓለም አቀፍ ጥሪን በኢንተርኔት ተቀብለው በአገር ውስጥ ሲም ካርድ ያስገባሉ። ለእኛ የሚታየው የዚያ ሲም ካርድ ቁጥር ስለሆነ፣ መልሰን ብንደውል ደንበኛውን አናገኘውም። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የወጣው እንዲህ ያለውን ድርጊት ለመቅጣት ጭምር ነው። ነጋዴም የኢንተርኔት ስልክ መስመር ሲፈልግ ፈቃድ ካለው ድርጅት ብቻ ይውሰድ፤ ዋጋው የረከሰ ሁሉ ትርፍ አይደለም።

በመጨረሻም፣ የታየ ቁጥር የደዋዩን ማንነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ቁጥርን አስመስሎ መላክ የሚቻል ነውና። በአሜሪካ ታላላቆቹ የስልክ ድርጅቶች ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት መስመር የሚሄደውን የደዋይ ቁጥር በምስጢራዊ ፊርማ እንዲያረጋግጡ የተገደዱት ስለዚሁ ነው። ስለዚህ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተለውጧልና ገንዘቡን በአዲሱ ላክ የሚል ጥሪ ሲመጣ፣ የታወቀ ቁጥር ቢታይም ስልኩን ዘግቶ ቀድሞ በውላችን ላይ በተጻፈው ቁጥር መልሶ መደወል የጥንቁቅ ነጋዴ ልማድ ይሁን።