ውሻ በበላበት ይጮኻል፦ ውሻችሁን በዱላ ሳይሆን በጉርሻ አሰልጥኑ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ውሻ ነው። "ዶክተር፣ ስለ ውሻ የእንስሳት ሐኪም ቢያወራ አይሻልም?" የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ወዲህ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በእብድ ውሻ በሽታ ይሞታል፤ አብዛኛው አፍሪካና እስያ ውስጥ ነው። በሽታው ከያዛቸው 100 ሰዎች 99ኙን የሚይዛቸው ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ እኔም ሆንኩ ሌላ ሐኪም ልናድነው አንችልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የውሻችሁ ጠባይ የእኔም ጉዳይ ነው።

ምሳሌዬን ከቆቦና ከራያ ቆላ አደርጋለሁ። አዲስ አበባ፣ ደሴም ሆነ ወልድያ ያላችሁ ግን ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን ውሻ እያሰባችሁ አንብቡ።

በቆላው ውሻ ጌጥ አይደለም

ከአላውሃ ተነስታችሁ በጎብዬና በሮቢት አድርጋችሁ ወደ ቆቦ ስትሄዱ ያ ሰፊ ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ውሻ እዚያ ሥራ አለው። ሌሊት በረቱን ከጅብ ይጠብቃል፣ ማሽላው ሲደርስ ከማማው ሥር ያድራል፣ እህሉ አውድማ ላይ ሲከመር ባለቤቱ ጋቢውን ተከናንቦ እንቅልፍ ሲወስደው ንቁ ሆኖ የሚቀረው እሱ ነው። ፍየል የሚያግደውን ልጅ ተከትሎ ይውላል። ታዲያ ከውሻ ጋር ውለው የሚያድሩት ማን ናቸው? ልጆች። በብዛት የሚነከሱትም እነሱ ናቸው።

ችግሩ ውሻው ጠባቂ መሆኑ አይደለም። ችግሩ የምናሳድግበት መንገድ ነው። "ክፉ እንዲሆን" ተብሎ ቡችላ እያለ ጆሮው የሚቆረጥ አለ። ቀን ሙሉ አጭር ሰንሰለት ላይ የሚውል አለ። ሚጥሚጣ የሚበላ፣ ያጠፋውም ያላጠፋውም በዱላ የሚቀመስ አለ። ይሄ ሁሉ የሚደረገው ጎበዝ ጠባቂ ይሆናል ተብሎ ነው።

የሚወጣው ግን ጎበዝ ጠባቂ ሳይሆን ፈሪ ውሻ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባና የጎረቤት ልጅ አይለይም። ጆሮ መቁረጥ ጠባዩ ላይ የሚጨምረው ምንም ነገር የለም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ውሻውም "የሰው እጅ ማለት ሕመም ማለት ነው" ብሎ ይማራል።

ዱላ ለምን አያስተምርም?

አባቶቻችን "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ብለዋል። ይህ ተረት የእንስሳት ሥነ ባህርይ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ የደረሱበት ነገር ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር ነው። በዚያ ሥራው ውስጥ ውሾቹ ምግቡ ሳይመጣ፣ ምግብ የሚያመጣውን ሰው ገና ሲያዩ ምራቃቸው እንደሚወርድ አስተዋለ። ውሻ ሁለት ነገሮችን ያያይዛል ማለት ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ እንስሳ መልካም ውጤት ያገኘበትን ድርጊት እንደሚደጋግም አሳዩ።

አሁን ዱላውን እዚህ ላይ አስቡት። ውሻችሁ ዶሮ አባረረ እንበል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጠርታችሁ መታችሁት። ምን ተማረ? ዶሮ ማባረር ጥፋት መሆኑን አይደለም፤ ያ አልፏል። የተማረው "ሲጠሩኝ ከሄድኩ እመታለሁ" የሚለውን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠሩት ይሸሻል፣ ጥግ ከያዛችሁት ደግሞ ይነክሳል።

ውሻ ከመንከሱ በፊት ይናገራል

አብዛኛው ውሻ ድንገት አይነክስም። ቋንቋውን ስለማናውቅ ነው ድንገት የሚመስለን። እነዚህን ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፦

• ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፦ "አልተመቸኝም" ማለቱ ነው።
• ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ጭራውን በእግሮቹ መሃል ይቀብራል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፦ ፈርቷል።
• ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ ትኩር ብሎ ያያል፣ የጀርባው ጠጉር ይቆማል፣ ያጉረመርማል፦ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጭራ መቁላት ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። ሰውነቱ ልል ሆኖ ወገቡ ጭምር ከተወዛወዘ ደስ ብሎታል፤ ሰውነቱ ደርቆ ጭራው ወደ ላይ ተተክሎ በትንሹ ከተንቀጠቀጠ ግን ራቁ። ሁለተኛ፣ ስላጉረመረመ አትምቱት። ማጉረምረሙን በዱላ ካስተዋችሁት ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ነው የሚተርፋችሁ።

የቆላው ሙቀት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በቆቦ ፀሐይ ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልክ ውሻ ሁሉ አብዷል ማለት አይደለም፤ ውሻ እንደ ሰው በላብ ስለማይቀዘቅዝ በማለክለክ ነው ሙቀት የሚቀንሰው። ጥላና ውሃ ይኑረው።

የጉርሻ ስልጠና፦ በቀን 5 ደቂቃ ይበቃል

ለሰው ጉርሻ ፍቅር ነው። ለውሻ ደግሞ ትምህርት ነው። የሚያስፈልጋችሁ የማሽላም የጤፍም እንጀራ ፍርፋሪ ነው፤ የጣት ጫፍ የምታክል ትበቃለች። ከምግቡ በፊት ትንሽ ራብ ሲለው ጀምሩ።

1. ስሙን ጥሩ፦ ዞር ብሎ ባያችሁ ቅጽበት ፍርፋሪውን ወርውሩለት። ቁልፉ ፍጥነቱ ነው፤ ከ1 እና 2 ሰከንድ ካለፈ ለምን እንደተሸለመ አያውቅም።

2. "ና" በሉት፦ ከ2 እርምጃ ጀምሩና ርቀቱን በየቀኑ ጨምሩ። ሲመጣ ሁልጊዜ መልካም ነገር ያግኝ። "ና" ብሎ ጠርቶ መምታት ክልክል ነው።

3. ገመድ አለማምዱት፦ ገመዱን መጀመሪያ አሽቱትና ሸልሙት። ቀጥሎ አንገቱ ላይ ጣል አድርጉና ሸልሙት። ከቀናት በኋላ እሰሩትና ጥቂት እርምጃ አብራችሁት ሂዱ።

4. መያዝን አለማምዱት፦ ትከሻውን ነካ፣ ጉርሻ። እግሩን ነካ፣ ጉርሻ። ቆዳውን ለስለስ አድርጎ ቆንጠጥ፣ ጉርሻ። ደስ ካላለው አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ አትታገሉት።

5. ስህተቱን በሥራ ተኩት፦ ሰው ላይ የሚዘል ከሆነ ጀርባ ስጡት፣ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ሸልሙት። አንዱን ነገር ከለመደ በኋላ ጉርሻውን አልፎ አልፎ አድርጉት።

ሁሉም የቤተሰብ አባል አንድ ቃል ይጠቀም። አባት "ና"፣ ልጅ "ወዲህ" ካለ ውሻው ግራ ይገባዋል። ትንንሽ ልጆች ያለ አዋቂ አያሰልጥኑ። በሃይማኖት ምክንያት ምራቁ እንዲነካችሁ የማትፈልጉ ደግሞ ፍርፋሪውን መሬት ላይ ወርውሩ፤ ስልጠናው ያው ነው።

አንድ የሐኪም ማሳሰቢያ፦ በግ ወይም ፍየል ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አትስጡ። በተለይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ቅበሩት። ያንን የበላ ውሻ በአንጀቱ ትንሽ የኮሶ ትል ያፈራል፤ እንቁላሉ በሰገራው ወጥቶ በእጅና በአትክልት በኩል ወደ ሰው ሲገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ይሠራል። ለዚህ ብሎ በቀዶ ሕክምና የሚታከም ሰው አለ።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?

ዋናው ነጥቤ እዚህ ጋ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በአንድ አካባቢ መዛመቱን እንዲያቆም ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። ክትባቱ አለ፤ ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ግን ክትባት የሚሰጠው ውሻው ሲያዝ ነው። ከሰው እጅ ዱላ ብቻ የሚያውቅ ውሻ የእንስሳት ሐኪሙን ሲያይ አጥር ዘሎ ይጠፋል፤ ባለቤቱም "አይያዝም" ብሎ ይተወዋል። ተራ ቁጥር 3 እና 4 ላይ የለመደ ውሻ ግን በገመድ ተስቦ ሄዶ በደቂቃ ተከትቦ ይመለሳል። የእንጀራ ፍርፋሪ የልጃችሁን ሕይወት ያተርፋል የምላችሁ ለዚህ ነው።

የማታውቁት ውሻ ሲመጣ

ከልጆች ጋር ተለማመዱት፤ እንደ ጨዋታ ይወዱታል። "ዛፍ ሁን!" ስትሉ ልጁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጁን ወደ ጎኑ ይሰበስባል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል፣ አይጮህም። ውሻው አሽትቶት ሲርቅ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። መሮጥ የለም፤ የሚሮጥ ነገር ውሻ ያባርራል። ከወደቀ "ድንጋይ ሁን!"፦ ይጠቀለላል፣ አንገቱንና ጆሮውን በእጁ ይሸፍናል።

ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብዙ ውሻ እንደሚያሸሽ ሁላችንም እናውቃለን። ሩቅ ላለ ውሻ ይሠራ ይሆናል፤ አጠገባችሁ ለደረሰ ግን ፊታችሁን ወደ አፉ ማቅረብ ነው። የሚበላ፣ የተኛና ቡችላ ያላት ውሻ ደግሞ በፍጹም አይነካም።

ውሻው በሽታው ይዞት ከሆነ ግን ስልጠናም ጉርሻም አይሠራም። ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ያገኘውን ሁሉ ከነከሰ፣ ድምፁ ከተቀየረ፣ እየተንገዳገደ ከሄደ ራቁና ለቀበሌና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ዝም የሚያሰኘው ዓይነትም አለ፤ ውሻው ይፈዛል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። አዝናችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ!

ከተነከሳችሁ

• ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ። ቫይረሱን በብዛት የሚቀንሰው ይሄ ነው። ማሳ ላይ ሳሙና ከሌለ በውሃው ብቻ ጀምሩ።
• ቡና፣ በርበሬ፣ አመድ፣ ቅጠል አታድርጉበት። አጥብቃችሁ አትሰሩት።
• በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ክትባቱ እዚያ ከሌለ ወደሚገኝበት ሪፈር አጽፉ። ቁስሉ ከደማ ከክትባቱ ጋር ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒትም ሊያስፈልግ ይችላል፤ የቲታነስም ጉዳይ ይታያል።
• ቀጠሮ አታቋርጡ። እርጉዝም፣ የምታጠባም፣ ሕጻንም ይከተባል።
• ውሻው ከተገኘ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። ግን የውሻውን መጨረሻ ለማየት ብላችሁ ክትባቱን አታዘግዩ።

"ትንሽ ጭረት ነው" አትበሉ። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከሳምንት እስከ ዓመት ተደብቆ ይቆያል። ቫይረሱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ነው የሚጓዘው፤ ፊትና እጅ ላይ የተነከሰ ሰው ጊዜው ያጥርበታል። ቁስሉ ድኖ ተረስቶ እያለ ነው ውሃ መፍራቱ የሚመጣው።

ብዙ ሰው የሚፈራው በሆድ ላይ በተከታታይ የሚወጋውን የድሮውን ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያ ዓይነቱ እንዲቀር ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲመክር ቆይቷል። ዘመናዊው ክንድ ላይ በጥቂት ዙር ይሰጣል፤ በጡንቻ ሲሆን በመጀመሪያው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና ከዚያ በኋላ ባለሙያው በሚነግራችሁ ቀን።

ጸበል ለምትሄዱ፣ አትሂዱ አልላችሁም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቁ፦ መጀመሪያ ሳሙናና ውሃ፣ ቀጥሎ ክትባት፣ ጸሎቱ ከሁለቱም ጋር።

በአብዛኛው ዓመት የመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። ቀኑ የተመረጠው የመጀመሪያውን ክትባት የሠራው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ስለሆነ ነው። እስከዚያ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ከማዕዱ የተረፈችውን ፍርፋሪ ይዛችሁ ውጡና ውሻችሁን በስሙ ጥሩት።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ደውላችሁ ቢያንስ የ15 ደቂቃዋን ነገር ንገሩልኝ፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።

መልካም ጤና!