«ግሉኮስ ተደርጎለታል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሐረር ላይ ታማሚ ጠይቆ የተመለሰ ሰው «እንዴት ዋለ?» ሲባል «ተመስገን፣ ግሉኮስ ተደርጎለታል» ብሎ ይመልሳል። አዲስ አበባም አነጋገራችን ያው ነው። በክንድ ደም ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ሁሉ በእኛ ቋንቋ ግሉኮስ ነው፤ በበዛ ቁጥርም ሕክምናው የበረታ ይመስለናል። ጉበቱን በቀዶ ሕክምና ለሚታከም ሰው ግን ሁለቱም ግምቶች ያሳስታሉ።

ጉዳዩ ለሐረር ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2016 በሕይወት ፋናና በጀጎል ሆስፒታሎች ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን 150 ሰዎች በሽታው ከሌለባቸው 300 ታካሚዎች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ተካሂዶ፣ ውጤቱ በ2018 ታትሟል። በወንዶቹ ዘንድ የጫቱ መጠንና ዘመን በጨመረ ቁጥር የበሽታው ዕድልም አብሮ ጨምሮ ተገኝቷል። (ቃሚ ወዳጆቼ ቅር አይበላችሁ፤ የዛሬው ወጋችን ስለ ጫት አይደለም።) እንዲህ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው የፈሳሹ ምርጫ ይበልጥ ይከብዳል።

ለምን ቢሉ፣ ጉበት ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉን ይቀበላል። ደሙ ከጉበት የሚወጣው ደግሞ ወደ ልብ በሚያመራው ትልቁ ደም መልስ ውስጥ በሚፈስሱ ስስ ሥሮች ነው። ይህ ትልቅ ሥር በፈሳሽ ከተሞላ ግፊቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ጉበት ይመለሳል፤ የሚቆረጠው ገጽም ደም ያጎርፋል። ስለዚህ ማደንዘዣ ሰጪው ሐኪም ቆረጣው እስኪያበቃ ድረስ ፈሳሹን ሆን ብሎ ይቆጥባል። በተለምዶ በዚህ ደም መልስ ውስጥ የሚፈለገው ግፊት ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ነው። ደሙ ሲቆም የጎደለው ይሞላል። ቁጠባው ከልክ ካለፈ ደግሞ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ በተከፈተ ሥርም አየር ሊገባ ይችላል።

ታዲያ የትኛው ፈሳሽ? እውነተኛው ግሉኮስ፣ ማለትም 5 ከመቶ ስኳር ያለው ውኃ፣ የፈሰሰ ደም አይተካም፤ ስኳሩ ይቃጠልና ውኃው በመላ ሰውነት ይበተናል። ሆኖም የስኳር ጎተራችን ጉበት ነውና ከፊሉ ሲቆረጥ የደም ስኳር ሊወርድ ስለሚችል፣ እየተለካ ይሰጣል። «ኖርማል ሳላይን» የምንለው የጨው ውኃ ስሙ ኖርማል ይሁን እንጂ በሊትር 9 ግራም ጨው አለበት፤ ክሎራይዱ 154 ሚሊሞል ሲሆን የደማችን ግን 100 ገደማ ነው። በብዛት ከገባ የደምን አሲድነት ይጨምራል። ሪንገር ላክቴት ለደም የቀረበ ነው፤ ችግሩ ላክቴቱን በዋናነት የሚያጣራው ያው የሚቆረጠው ጉበት መሆኑ ነው። ላክቴት በደም ውስጥ ሲጠራቀም፣ ጉበቱ ደክሞ ነው ወይስ ፈሳሹ ያመጣው ነው የሚለውን መለየት ያስቸግራል። በላክቴት ፋንታ አሲቴት ያለባቸው ፈሳሾች ከጉበት ውጭ በጡንቻም ስለሚቃጠሉ ብዙ ሐኪሞች ይመርጧቸዋል። እነዚህ በሌሉበት ግን በልክ የተሰጠ ሪንገር፣ ደህና ጉበት ለቀረለት ሰው መርዝ አይደለም። አልቡሚን ጠቃሚ ቢሆንም ዋጋው አይቀመስም። ቀድሞ በሰፊው ይሰጥ የነበረው የስታርች ፈሳሽ ደግሞ በኩላሊት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2022 በአውሮፓ ኅብረት ታግዷል።

እዚህ ላይ የሕግ ሰው አመሌ ይነሳብኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ጥፋቱም የሚመዘነው ሳይንስ ባረጋገጠውና ሙያው በተቀበለው ደንብ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሳላይን ብቻ ስላለ ሳላይን የሰጠ ሐኪም ታዲያ ጥፋተኛ ነው? ለድንገተኛ ታማሚ በእጅ ባለው ሕይወት ማዳን ጥፋት ሊባል አይገባም ባይ ነኝ። ቀጠሮ ለተያዘለት የጉበት ቀዶ ሕክምና ግን መጋዘኑ ምን እንዳለው፣ ላብራቶሪውም ላክቴት መለካት መቻሉን ማጣራት ከዋዜማው የሚጀምር ግዴታ ይመስለኛል፤ ግዴታውም የሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የሆስፒታሉም ጭምር ነው። ክርክር ቢነሳ ዳኛው ቀድሞ የሚፈልገው በማደንዘዣ መዝገቡ ላይ የትኛው ፈሳሽ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደተሰጠ ነው።

ቤተሰብም በበኩሉ «ግሉኮሱ ለምን አነሰ?» እያለ ነርሷን ከሚያዋክብ፣ ምን ያህል ጉበት እንደቀረ፣ ስኳሩና ላክቴቱም በየስንት ሰዓቱ እንደሚለካ ሐኪሙን ቢጠይቅ የተሻለ ነገር ያውቃል።