የመሬት ጥያቄና የሮም ቄሣሮች አነሣሥ

የሮም መሪዎች ወደ ንጉሠ ነገሥትነት የወጡት በአንድ ሌሊት አይደለም። ጉዞው ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ሲሆን፣ ከመነሻው አንሥቶ የመሬት ጥያቄ አልተለየውም።

በሮም ሪፐብሊክ ለውትድርና የሚጠራው ንብረት ያለው ዜጋ፣ በአብዛኛውም ገበሬ ነበር። ዘመቻው እየረዘመ ሲሄድ የብዙዎች ማሳ ጦም አደረ፤ ባለጸጎችም መሬቱን እየጠቀለሉ በባሪያ ጉልበት ማሳረስ ያዙ። በ133 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) የሕዝብ እንደራሴው ጢባርዮስ ግራኩስ አንድ ሰው የሚይዘውን የመንግሥት መሬት በ125 ሔክታር ገደማ የሚወስን፣ ትርፉንም ለድሆች የሚያከፋፍል ሕግ አስጸደቀ። በዚያው ዓመት የሴኔት አባላት በመሩት ሁከት ተገደለ።

በ107 ቅ.ል.ክ. የጦር አዛዡ ማርዮስ መሬት አልባዎችን ለውትድርና መለመለ። እነዚህ ሰዎች ሲሰናበቱ የሚመለሱበት ማሳ ስላልነበራቸው፣ መሬት የሚያገኙት አዛዣቸው ሲታገልላቸው ብቻ ሆነ። ታማኝነታቸውም ከመንግሥት ይልቅ ወደ አዛዡ አደላ። ሱላ በ88፣ ዩልዮስ ቄሣር ደግሞ በ49 ቅ.ል.ክ. በገዛ መንግሥታቸው ላይ ሲዘምቱ ወታደሩ የተከተላቸው በዋናነት ስለዚህ ነው። ቄሣር የዕድሜ ልክ አምባገነን ተብሎ ብዙም ሳይቆይ በ44 ቅ.ል.ክ. ተገደለ።

ወራሹ ኦክታቪያን ያን ጊዜ የ18 ዓመት ወጣት ነበር። በ42 ቅ.ል.ክ. ከተገኘው የፊልጵስዩስ ድል በኋላ፣ ለ18 የኢጣልያ ከተሞች ነዋሪዎች መሬታቸው ተነጥቆ ለወታደሮች እንዲሰጥ ቀድሞ የተላለፈው ውሳኔ ሥራ ላይ መዋል ጀመረ፤ ብዙ ገበሬዎችም ተፈናቀሉ። ኦክታቪያን በ31 ቅ.ል.ክ. አንጦንዮስንና ክሊዮፓትራን በአክቲዩም ድል ነሥቶ፣ በማግስቱ ዓመት የስንዴ ጎተራ የሆነችውን ግብፅን ያዘ። በ27 ቅ.ል.ክ. ሴኔቱ «አውግስጦስ» የሚል ማዕረግ ሰጠው። በሉቃስ ወንጌል የተጠቀሰው አውግስጦስ ቄሣር እርሱ ነው።

አውግስጦስ ንጉሥ መባልን ሸሽቶ «ቀዳሚ ዜጋ» መባልን መረጠ። ሴኔቱ እንደ ቀድሞው ይሰበሰብ ነበር፤ የጦሩ አዛዥነት ግን በእርሱ እጅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ6 ዓ.ም. ከውርስ በሚሰበሰብ 5 በመቶ ግብር የሚደጎም የወታደሮች ግምጃ ቤት አቋቁሞ፣ ተሰናባቹ ወታደር የሌላ አዛዥ ደጅ የሚጠናበትን መንገድ ዘጋ።

ይሁንና ዙፋኑ በጦር የቆመ መሆኑ አልቀረም። ኔሮ በ68 ዓ.ም. ወራሽ ሳይተው ሲሞት አዛዦች ዳግም ተነሡ፤ በ69 ዓ.ም. ብቻ አራት ንጉሠ ነገሥታት በሮም ተፈራረቁ።