ኮምፒዩተር ቀኑን ሲረሳ

የኮምፒዩተር መክፈቻ ሲነካ አስቀድሞ የሚሠራው ባዮስ የተባለው ፕሮግራም ነው። እርሱም ማዘርቦርድ በሚባለው ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ፥ ዕቃዎቹን ከመረመረ በኋላ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል። ኮምፒዩተሩ ከሶኬት ሲነቀል ግን ቀኑንና ሰዓቱን የምትጠብቀው ሲ አር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ትንሽ ባትሪ ናት።

ስለዚህ የሽንዲን ክረምት ተነቅሎ የከረመ ኮምፒዩተር በመስከረም ሲከፈት የቀን ስሕተት አለ ብሎ ቢቆም፥ «ሞቷል» ተብሎ ዕቃ ቤት መጣል የለበትም። ገመዱን ነቅሎ፥ የመደመር ምልክት ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርጎ አዲስ ባትሪ መግጠም ነው፤ ቀጥሎም ሲከፈት ብዙ ጊዜ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ ባዮስ ውስጥ በመግባት ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ማስተካከል ይገባል። ስሕተቱ ከተመለሰ ለባለሙያ ይታይ።

አንድ ኮምፒዩተር ያለ በደሉ ሲጣል ተራ የሚጠብቁት ተማሪዎች ብዙዎች መሆናቸውን አንርሳ።