ትርፍ ፕለጊን ዋናውን ድረ ገጽ ይዞ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ድረ ገጹን በዎርድፕሬስ የሠራ ሰው አፕዴት አድርጎ ሲያበቃ ነጭ ባዶ ገጽ ቢጠብቀው፣ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ በላዩ የተጨመረ አንድ ፕለጊን ነው። የፎቶ ማሳያ ይሆናል፣ ወይም የመልእክት መቀበያ ቅጽ። ያለ እሱ ድረ ገጹ መኖር ይችል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎብኚ ገጹን ሲከፍት ሰርቨሩ የዎርድፕሬስን ኮድና ሥራ ላይ ያሉትን ፕለጊኖች አንድ ላይ ያስኬዳል። አንዱ ፕለጊን በአዲሱ ቨርዥን የተሰረዘ ፈንክሽን ከጠራ ሁሉም እዚያው ይቆማል። የተበላሸ ምጣድ ሲሰካ የቤቱ መብራት በሙሉ ድርግም እንደሚለው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዎርድፕሬስ 5.2 ለዚህ መላ አበጀ። ጥፋተኛውን ፕለጊን ለይቶ ለአስተዳዳሪው በኢሜይል ሊንክ ይልካል፤ በሊንኩ ለገባው ሰው ብቻ ፕለጊኑን አግዶ መቆጣጠሪያውን ይከፍትለታል። ጎብኚዎች ግን «ችግር አጋጥሟል» የሚለውን ማየታቸው ይቀጥላል። ለሁሉም አጥፍቶ ለምን አይገላግልም? ፕለጊኑ ለአባላት ብቻ የተጻፈውን የሚቆልፈው ቢሆንስ? በራሱ ጊዜ ሲጠፋ በሩ ለመንገደኛ ሁሉ ወለል ይላል። ገጹ ተዘግቶ መቆየቱ ይሻላል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ኢሜይሉ ሥራ ለለቀቀ ሰው አድራሻ የሚሄድበት ቤትም አለ። ያኔ ድረ ገጹ በተቀመጠበት ሆስቲንግ ፋይል ማኔጀር ገብቶ የፕለጊኑን ፎልደር ስም መቀየር ነው፤ ዎርድፕሬስ ፋይሉን ሲያጣው ዘሎት ያልፋል። ከመቆጣጠሪያው ላይ «ሰርዝ» ማለት ግን አደጋ አለው፤ አንዳንድ ፕለጊን ሲሰረዝ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀመጠውንም ጠራርጎ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚከፋው ድምፅ የማያሰማው ብልሽት ነው። በ2020 የወጣው 5.5 ጄኳሪ ማይግሬት የተባለውን፣ የቆየ ጃቫስክሪፕት ከአዲሱ ጋር የሚያግባባ ኮድ፣ ሳይጠየቅ መጫኑን ተወ። በየቦታው ገጹ ይከፈት ነበር፣ ቁልፉ ሲጫኑት ግን ዝም። ለእንዲህ ያለው ብልሽት ኢሜይል አይመጣም፤ ከአፕዴት በኋላ ቅጹን በራስ እጅ ሞልቶ መላክ፣ ቁልፎቹን እየዞሩ መጫን ያስፈልጋል።

ገጹን ወደሚጥለው ብልሽት ስንመለስ፣ ከ2024ቱ 6.6 ወዲህ፣ በራሱ አፕዴት የሆነ ፕለጊን ገጹን ከጣለ የቀድሞው ቨርዥን ተመልሶ ይቀመጣል። የሚመለሰው ግን ፋይሉ ብቻ ነው፤ አዲሱ ቨርዥን ዳታቤዙን ነካክቶት ከሆነ የሚያድነው ቀድሞ የተያዘ ባክአፕ ነው።